ሦስት ጊዜ «ኦም»፣ አንድ ሳሕን ገንፎ

እኔ የሰው መሳቢያ የምጎረጉር ሴት አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥዬ የማወራውን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው። ያን ሰኞ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። ጥፍሬ ተሰንጥቆ ሹራቤን እየያዘ አስቸግሮኛል፣ የጥፍር መቁረጫዬ ደግሞ የት እንደገባ አንድዬ ይወቀው። ኤፍራታ መቁረጫ እንዳላት አውቃለሁ፤ አልጋዋ አጠገብ ያለውን መሳቢያ ሳብኩ። መቁረጫው አልነበረም። ደብተር ነበር።

ኤፍራታ ማለት ፓርክዴል በሚባል ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ስድስት ዓመት የተጋራኋት ሴት ናት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሶዶ ከተማ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር። ወንድሟ ስፖንሰር አድርጎ አመጣትና እሱ ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ካልጋሪ ሄደ፤ እሷ እዚሁ ቀረች። እዚህ ፒኤስደብሊዩ ሆነች፤ በየቤቱ እየሄደች አቅም ያጡ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ድምጿ ከአፏ በግድ ነው የሚወጣው። ስትናደድ ዝም ትላለች፤ እኔ ስናደድ ደግሞ ስምንተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይመታሉ። እንዲህ ተቻችለን ኖርን።

ባል የላት፣ ልጅ የላት። ያላት ነገር የእሑድ ክፍሏ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ኤግሊንተን ዌስት ላይ ከፈረንጆች የተከራየነው ሕንፃ ነው፤ ከዋናው አዳራሽ ሥር ቤዝመንት አለ፣ እዚያ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ታስተምራለች። እነዚህ ልጆች በአማርኛ ስታናግራቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ናቸው። እኔ አንድ ጊዜ ተክቻት ገብቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላኝ ራሴን ይዤ ወጥቻለሁ። እሷ ግን ግጥም ታወጣላቸዋለች፤ ስለ ዳዊት ወንጭፍ፣ ስለ ዮናስ ዓሣ፣ ስለ ጫማቸው፣ ስለ ኩርፊያቸው። ልጆቹ እየሳቁ ሳያስቡት አማርኛ ያወራሉ። ባለፈው ክረምት በረዶው አውቶቡሱን ሁሉ ሲያቆም ከፓርክዴል እስከ ኤግሊንተን በእግሯ ሄዳ፣ ለመጡት ሦስት ልጆች አስተምራ፣ በእግሯ ተመለሰች። እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትታ ስትስቅ «ያምሻል እንዴ?» ብያት ነበር።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ከፈትኩት። መጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ትልቅ ምልክት ተስሏል፤ እንደ ሦስት ቁጥር ጀምሮ ጭራ ያወጣ፣ ከላዩ ጨረቃና ነጥብ ያለው። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። ኢቶቢኮ ውስጥ ኤፍራታ የምትንከባከባቸው የሕንዱ ሽማግሌ የቤታቸው በር ላይ አለ። እኔ የምሠራበት መጋዘን እዚያው ኤርፖርቱ አካባቢ ስለሆነ በመኪናዬ መጥቼ አሳፍራታለሁ፣ ግን አንድም ቀን ወርጄ ገብቼ አላውቅም፤ ውጭ ሆኜ ክላክስ አደርጋለሁ። ገጹን ገለጥኩ። የዝሆን ራስና አራት እጅ ያለው ቦርጫም ሰውዬ አይጥ ላይ ተቀምጧል። ገለጥኩ። ከጭቃ የወጣች አበባ። ተመልሼ ከቀዩ ምልክት ሥር ያለውን በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሕፈቷ የተጻፈውን አነበብኩ፦

«ኦ» ብለው ሲከፍቱ ማንኪያዬ ይገባል፣
«ም» ብለው ሲዘጉ ገንፎው ይወርዳል፤
ሦስት ጊዜ «ኦም» ካልን ሳሕኑ ይጎድላል፣
አራተኛ ስንል የእኔም ሆድ ይጮኻል።

አሁን ሳነበው ሳቄ ይመጣል። ያን ቀን ግን ዐይኔ «ሦስት ጊዜ ኦም ካልን» የሚለው ላይ ተተክሎ ቀረ። ማንኪያውንም ገንፎውንም አላየሁም። «በኢየሱስ ስም» ብዬ ከአልጋው ተነሳሁ። ከዚያ የባሰው መጣ፤ ዝሆኑ ሥር ያለውን ግጥም ሳየው የማውቀው ሆነብኝ።

ዝሆን አይጥ ተሳፍሮ ሰፈር ሲያካልል፣
«ታክሲ ጠፋ ወይ?» ብለው ሰምቶ ዝም ይላል፤
አይጧ ናት የመለሰች ላቧን እየጠረገች፣
«ወረፋ ሳይጠብቅ ነው የወጣብኝ» አለች።

ይህን ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ በኮሪደሩ እየጮኹ ሲሉት ሰምቻለሁ። እኔም ምግብ ስሠራ ብዬዋለሁ። ዝሆኑ ዝሆን መስሎኝ ነበራ። ለካ ሕንዶቹ የሚሰግዱለት ነው። ልጆቻችን ሳናውቅ ለጣዖት ሲዘምሩ ከረሙ ብዬ ውሃ ሆንኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስረዳለሁ፣ የእኛን ቤተ ክርስቲያን ለማያውቅ። እኛ ሰውን አናማም። ማማት ኃጢአት ነው። እኛ የጸሎት ርዕስ ነው የምናቀርበው። ሰባት ሴቶች የሆንንበት የማለዳ ጸሎት የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ የእከሌ ትዳር ቢናጋ፣ የእከሊት ልጅ ቢጠፋ፣ «እህቶች፣ በሸክም የማቀርበው ርዕስ አለ» እንላለን። ደብተሩን ሳሎን ወስጄ፣ ብርሃን ያለበት ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቼ፣ ቀዩ ምልክት ያለበትን ገጽ ፎቶ አነሳሁ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ እህቶቼ፣ ይህ በምስጢር ነው፣ ከዚህ ግሩፕ እንዳይወጣ፣ ስሟን አልጠራም፣ አብራኝ የምትኖር እህት ናት። እግዜር ያሳያችሁ። ስሟን አልጠራም ብዬ አብራኝ የምትኖር አልኩ። አይ እኔ!

ደብተሩን ቦታው መለስኩ። ጥፍሬን በጥርሴ ነከስኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ሰባታችንም ጸለይን። ማክሰኞ ከሰዓት አንዷ ለባሏ አሳየች፣ እሱም እንዲጸልይ። ረቡዕ ፎቶው ብቻውን፣ የእኔ ጽሑፍ ተቆርጦለት፣ የወላጆች ግሩፕ ውስጥ ገባ። የፌበን እናት፣ ልጅቷ ቤት ውስጥ ዝሆኑን እጅ ጨምራለት ስላ ፍሪጅ ላይ ለጥፋ ኖሮ፣ አሁን ገባኝ፣ ዝሆኑም የሕንዶቹ ኖሯል ብላ ጻፈች። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ለኤፍራታ ስልክ ተደወለላት። ጋሽ ኃይለማርያም ናቸው፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብተሯን ይዛ እንድትመጣ አዘዟት፤ ጉዳዩ የልጆቹ ክፍል ነው፣ በእሷ ይቀጥል አይቀጥል የሚለው። ከእሷ በኋላ ለእኔ ደወሉ። እኔም ልገኝ፣ አብሬያት ስለምኖር፣ ለምስክርነት።

ያን ማታ ቤት ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ብሩክቲ፣ ክፍሉን ሊወስዱብኝ ነው» አለችኝ። ፎቶውን ማን እንዳነሳው አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። ይልቁንም ጮህኩባት። ከዚያ ቤት ሥራሽን ልቀቂ፣ ኤጀንሲው ሌላ ሰው ይስጥሽ፣ ያ ምልክት ያለበት በር ውስጥ ስትገቢ ስትወጪ የመጣ ነው ይሄ ሁሉ አልኳት። ሰማችኝና ሩዝ አሞቀች። አልበላንም።

አርብ ዕለት መጋዘኑ ቀድሞ ለቀቀን። ኢቶቢኮ ሽማግሌው ቤት በር ላይ ደርሼ ክላክስ ባደርግ ማንም አይወጣም። ደግሜ አደረግሁ። ኤፍራታ በመስኮት ብቅ ብላ በእጇ ጠራችኝ፤ አልጨረስኩም፣ ግቢ፣ በረዶ ላይ አትቀመጪ ነው። ሙቀት መስጫው የተበላሸ ኮሮላ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ከመቆየት ገባሁ። በሩ ላይ ቅጠልና ቢጫ የጨርቅ አበባ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ እያለፍኩ በሆዴ የማውቀውን ጥቅስ ሁሉ ደገምኩ።

ሰውየው ሚስተር ትሪቬዲ ይባላሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕንድ አገር ሳንስክሪት ያስተማሩ ናቸው፤ ሳንስክሪት ማለት የእነሱ ግዕዝ በሉት። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ እጃቸው ሞተ፣ እንግሊዝኛው ጠፋ፣ ቤት ውስጥ የሚነጋገሩበት ቋንቋ እንኳ ጠፋ። የቀረላቸው በልጅነታቸው በቃል ያጠኑት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጃቸው ሚታል ናት፤ ያን ቀን ከሥራ ቀርታ ነበር። ሆስፒታል ሳሉ ሦስት ሳምንት አፋቸውን አልከፍት ብለው ሆዳቸውን ቀድዶ የምግብ ቱቦ ለማስገባት ቀን ተቆርጦ ነበር አለችኝ። ቤት ይሞክሩ ተብለው ሲመለሱ ኤፍራታ መጣች። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ቀና ብለው «ኦም» እንደሚሉ አየች። «ኦ» ሲሉ አፋቸው ይከፈታል። «ም» ሲሉ ይዘጋል።

ዞር ብዬ አየሁ። ኤፍራታ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ የአጃ ገንፎ ይዛለች። «በሉ እንጂ አባባ» አለቻቸው በአማርኛ። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው «ኦ» አሉ፤ ማንኪያው ገባ። «ም» አሉ፤ ከንፈራቸው ገጠመ፣ ዋጡ። ዐይናቸውን ገልጠው አንድ ነገር ሊነግራት እንደፈለገ ሰው አዩአትና አንድ ቃል አሉ፣ እኔ የማላውቀውን። እሷ ከደብተሯ አንድ ግጥም በአማርኛ አነበበችላቸው። የአማርኛ ሀ ሁ አያውቁም። ግን ቤት በሚመታው ቦታ ላይ፣ በትክክል በቦታው፣ በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ከዚያ እንደገና «ኦ»። ሳሕኑ ባዶ ሆነ።

ሚታል ቤት ስትሆን የአባቷን ቃላት ለኤፍራታ ትፈታላታለች። «ማያ» ሲሉ ዓለም የምናያት አይደለችም፣ እንደ ሕልም ናት ማለታቸው ነው። «ፓድማ» ጭቃ ውስጥ በቅላ ጭቃ የማይነካት አበባ ናት። ደጋግመው የሚሉት ደግሞ «ሊላ» ነው፤ ፈጣሪ ዓለምን የሠራው በጨዋታ ነው፣ እንደ ልጅ፣ ይላሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ኤፍራታ በአማርኛ ትቀልዳለች። እናንተን አያስቀይምም ወይ፣ ዝሆኑ አምላካችሁ አይደል ወይ ብዬ ሚታልን በተሰበረ እንግሊዝኛዬ ጠየቅኋት። አባቴ ከስትሮኩ በኋላ የሳቀው ለመጀመሪያ ጊዜ የአይጧ ግጥም ሲነበብለት ነው አለች። እኔ ቆሜ ጫማዬን አየሁ።

በመኪና ስንመለስ አፌን ሦስት ጊዜ ከፍቻለሁ። ኪፕሊንግ መንገድ ላይ ከፈትኩ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሃይዌዩ ላይ ከፈትኩ፣ ትራክ ገባብኝ። ቤት ስንደርስ ሊፍቱ ውስጥ ከፈትኩና ጎረቤት ገባ። ሰው መናገር ሲፈራ ምክንያት አያጣም፣ እኔን ያየ ይህን ያውቃል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። የቤተ ክርስቲያኗ ቢሮ ጠባብ ናት፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት ሽማግሌዎች፣ ፓስተር ጸጋአብ። የፓስተሩ ሚስት ከሰባታችን አንዷ ናት። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ፎቶውን ማን እንደላከው ያውቃሉ፣ እንደሚያውቁ እኔም አውቃለሁ፣ ማንም ግን አይጠራውም። ጋሽ ኃይለማርያም ሲጀምሩ «አንዲት እህት በሸክም» አሉ፣ እኔን ሳያዩኝ። ወንበሬ ላይ እሳት የተነጠፈ መሰለኝ። ከዚያ ክፍል ያላወቀችው ኤፍራታ ብቻ ናት ብዬ ነበር።

ጋሽ ኃይለማርያም ክፉ ሰው አይደሉም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ለእምነታቸው ወጣት ሳሉ የታሰሩ፣ ቀልድ የማይወዱ ሰው ናቸው። ደብተሩን ተቀብለው አንድ በአንድ ገለጡት። ይህ ምልክት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አሏት። አውቃለሁ፣ ለእነሱ የጸሎት ድምፅ ነው አለች። አንቺስ ትጸልይበታለሽ? ኧረ በፍጹም። ታዲያ ምን ትሠሪበታለሽ? አባባን አበላበታለሁ አለች። አንደኛው ሽማግሌ ግራ ተጋብቶ አጠገቡ ያለውን አየ። ፓስተሩ እስቲ አንዱን አንብቢልን አሏት። ድምጿ እየተቆራረጠ አነበበች፦

ዓለም ሁሉ ሕልም ነው፣ ከሆነ እንግዲያማ፣
ለምን ነው የሚያመኝ ይህ ጠባብ ጫማ?

ፓስተር ጸጋአብን ሳል ያዛቸው። የሳቅ ሳል እንደሆነ ገብቶኛል። ጋሽ ኃይለማርያም ፊታቸው አልተፈታም። የልጆቹን ነገር አነሱ። ያኔ ኤፍራታ ራሷ ቀና ብላ ጥፋቴን አምናለሁ አለች። ዝሆኑ የማን እንደሆነ ለወላጆች ሳትነግር የአይጧን ግጥም ለልጆቹ ማስተማሯ ስሕተት ነው፤ እሷ አይጧን እንጂ ዝሆኑን አላሰበችም። ለዚህ ለእያንዳንዱ ወላጅ ይቅርታ ትጠይቃለች። እኔ በልቤ በቃ፣ ተረፈች አልኩ።

ጋሽ ኃይለማርያም ግን ደብተሩን ዘግተው እጃቸውን ጫኑበት። ነገ በጉባኤው ፊት ቆመሽ ንስሐ ግቢ፣ ይህን ደብተር አቃጥዪ፣ ክፍልሽ ያንቺ ነው አሏት። ቀላል ነገር ነው። አሥራ ዘጠኝ ልጅ በአንድ በኩል፣ አንድ የሁለት ዶላር ደብተር በሌላ በኩል። እኔ ከጎኗ ሆኜ እሺ በይ፣ እሺ በይ እያልኩ ነው፣ በሆዴ።

«ጋሼ፣ ስለ ልጆቹ ያልኩትን በጉባኤም ፊት እለዋለሁ» አለች ኤፍራታ። «ይህን ካቃጠልኩ ግን ክፉ ነገር ነበር ማለቴ ነው። ሰኞ ሄጄ እኚያን ሽማግሌ በክፉ ነገር ላበላቸው አልችልም። ካላበላኋቸው ደግሞ አይበሉም።»

ጋሽ ኃይለማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። እህት ብሩክታዊት፣ አንቺ አብረሻት ትኖሪያለሽ፤ እዚያ ቤትም ትመላለሻለሽ ይባላል፤ በዐይንሽ ያየሽው ነገር ካለ ንገሪን አሉኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት። በር ተከፈተልኝ። ትናንት አይቻለሁ፣ ገንፎው ሲወርድ አይቻለሁ፣ ሽማግሌው ሲስቁ አይቻለሁ ማለት ነበረብኝ። ይህን ካልኩ ግን አየሽ እንዴ፣ ታዲያ ለምን ፎቶ ላክሽ ይሉኛል፤ እሷ ፊት። «ጠባይዋ ጥሩ ነው፤ ቤት ውስጥ ያስቸገረችኝ ነገር የለም» አልኩ። ስለ ኪራይ ተጋሪ የሚባል ነገር አልኩ። ኤፍራታ አላየችኝም።

ውሳኔው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ክፍሉ ከነገ ጀምሮ ከእሷ ይወሰዳል። ለጊዜው የሚይዘው ሰው ሲፈለግ ደግሞ ጋሽ ኃይለማርያም ነቅታ የምትጠብቅ እህት አለችን ብለው እኔን ሰየሙኝ። እንደ ሽልማት። እምቢ አላልኩም።

መኪና ውስጥ ገባን። የኤግሊንተን መንገድ ለባቡር መስመር ተቆፍሮ ስንት ዓመት ተጉላልተንበታል፣ ያን ቀን ግን መንገዱ ባዶ ነበር፣ የማሳብብበት ትራፊክ የለም። ኦክዉድን ስናልፍ ኤፍራታ በቀስታ መናገር ጀመረች።

«ሐሙስ ዕለት ፎቶውን ልከውልኝ ነበር። የእኛ የጠረጴዛ ልብስ ይታያል፤ ያ የተቃጠለው ጥግ። ሐሙስ ነው ያወቅሁት ብሩክቲ። ዛሬ እዚያ ውስጥ ሲጠይቁሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ።»

ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ይቅርታ አላልኩም። መኪናውን ዳር አቁሜ ጮህኩባት። ለነፍስሽ ፈርቼ ነው፣ ባልወድሽ ኖሮ ምን ገዶኝ፣ አንቺስ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር፣ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ደብተር ለምን ደበቅሽኝ፣ የመጣልኝን ሁሉ አዘነብኩባት። እሷ «አልደበቅሁሽም። ላነብልሽ ስል በሩ ሲከፈት ገና ስለ ሥራሽ መናደድ ትጀምሪያለሽ» አለች። እውነቷን ነው። ወደ ቤት ነዳሁ።

እሑድ ጠዋት ልብሴን ለብሼ ስወጣ ወጥ ቤት ቆማ ጠበቀችኝ። ዐይኗ አብጧል። የልጆቹን ነገር በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ዮዳሄ ብቻውን ሽንት ቤት አይሄድም፣ እንዳታሳፍሪው። መንታዎቹን አንድ ላይ አታስቀምጪ። ፌበን መጠየቅ ትወዳለች፣ አትቆጪያት፣ መልሺላት። ከዚያ ጃኬቷን ለብሳ ከእኔ ጋር ወረደች፤ መቅረት አልፈለገችም፣ ላይኛው አዳራሽ ከሰው ጋር ልትቀመጥ ነው።

ቤዝመንቱ ውስጥ አሥራ ዘጠኙም በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። እኔ ስገባ ከኋላዬ በሩን አዩ። አልተዘጋም ብለው ሳይሆን ሌላ ሰው ይገባል ብለው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትኩ፣ ስለ ኖኅ መርከብ ጀመርኩ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ፌበን እጇን አወጣች። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ፊት ጥርሷ ወልቋል።

«ቲቸር ኤፍራታ ባድ ነገር አደረገች?» አለችኝ።

የሚባል ነገር ሞልቶ ነበር። አሟታል ማለት ይቻላል። እረፍት ወሰደች ማለት ይቻላል። አሥራ ዘጠኝ ፊት እያየኝ ነው። አትቆጪያት፣ መልሺላት ያለችኝ ጆሮዬ ላይ አለ። መጽሐፉን ዘጋሁ።

«አላደረገችም» አልኩ። «ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ልጅ በሚገባው ቋንቋ። የሰው ደብተር ሳልጠየቅ ከፈትኩ፣ ያልገባኝን ነገር ፎቶ አንስቼ ለሰው አሳየሁ። ከዚያ አርብ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ አንድ የታመሙ አያት አሉ፣ አፋቸው አይከፈትም ነበር፣ የራሳቸው የጸሎት ድምፅ አላቸው፣ የእኛ አይደለም፣ እኛ ወደ ኢየሱስ ነው የምንጸልየው፣ ግን አፋቸው የሚከፈተው እሱን ሲሉ ብቻ ነው፣ ቲቸር ኤፍራታ ይህን አይታ በማንኪያ አበላቻቸው፤ እኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር፣ ዐይኔ እያየ ሳሕኑን ጨረሱ፤ ከዚያ ግጥም አነበበችላቸው፣ አማርኛ አይችሉም፣ ግን ሳቁ። ስናገር እንባዬ ይወርዳል፣ አልጠረግሁትም።

ፌበን አሰበች። «ሶሪ አልሻት?»

«አላልኳትም» አልኩ።

ከኋላዬ በሩ ሲጢጥ አለ። ዞር ስል ጋሽ ኃይለማርያም በሩ ላይ ቆመዋል። ለካ አዲሷ አስተማሪ እንዴት ሆነች ብለው ሊያዩ ወርደው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ፊታቸው እንደ ሁልጊዜው ነው።

«ትናንት በዐይንሽ ያየሽውን ንገሪን ስልሽ» አሉኝ፣ «ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ከትንንሾቹ የልጆች ወንበሮች አንዱን ስበው ጉልበታቸውን እያቃሰቱ ተቀመጡበት። ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ። ዮዳሄ ሳቀባቸው።

«ሂጂ ጥሪያት» አሉ። «እስክትመጣ እኔ እይዛቸዋለሁ።»

ደረጃውን ወጣሁ። ላይ መዝሙር ላይ ናቸው፣ ሰው ሁሉ ቆሟል። ኤፍራታ መጨረሻው ረድፍ ግድግዳው ጋ ብቻዋን ቆማለች፤ አጠገቧ ያሉት ሦስት ወንበሮች ባዶ ናቸው፣ ማንም ሊቆምባቸው አልፈለገም። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። አላየችኝም። ልጆቹ ይጠብቁሻል፣ ጋሼ ልከውኝ ነው አልኳት ጆሮዋ ላይ። አልተንቀሳቀሰችም።

«ኤፍራታ፣ እኔ በድዬሻለሁ» አልኳት። «አንቺ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ዐይኗን ከፊቷ ሳትነቅል። «ይቅርታውን ግን አሁንም አላልሽውም።»